አራት አምስት ጉርሻ

መርካቶ ውስጥ የልብስ ሰፊዎች ዕቃ እሸጣለሁ፤ ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ላስቲክ። ሱቁን ከአባቴ የተረከብኩት እኔ ሴት ልጁ ነኝ። ከጎረቤታችን ጋር ምሳ የመብላትን ልማድም አብሬ ተረክቤያለሁ። ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ መካ ደርሰው ስለመጡ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። ሰው ከእሳቸው ሱፍ ወይም ገበርዲን ይገዛና ለቁልፉና ለክሩ ወደ እኔ ይሻገራል። አባቴ ከራጉኤል ደጅ የማይጠፋ ሰው ነበር፣ ሐጂ ደግሞ አምስቱን ሶላት የማያጓድሉ። ሁለቱ ከሃያ ዓመት በላይ ከአንድ ሳህን ምሳ በልተዋል።

አባቴ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሐጂ ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም። ስለዚህ ምሳው ሁልጊዜ ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ጎመን ነው። ከሐጂ ቤት ሲመጣ ቆጮና አይብም ይኖርበታል። እናቴ ለዚህ ምሳ ብቻ የምትሆን ድስት ለይታ ነበር፤ ሥጋ ገብቶባት አያውቅም፣ ማማሰያዋም የራሷ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ፣ አርባው ሲወጣ ሱቁን ከፈትኩ። የዚያን ዕለት በምሳ ሰዓት ሐጂ እንደ ወትሮው በርጩማቸውን ስበው ከባንኮኒው ኋላ ተቀመጡ። ምን እንደያዝኩ አልጠየቁኝም። እጃቸውን ታጥበው፣ ቢስሚላህ ብለው በሉ። እንዲህ ስምንት ዓመት ያህል ሄድን።

ነገሩ የመጣው ሐጂ የዓይን ሞራ ተገፍፎላቸው ሳምንት ሳይሞላቸው ነው። ጥቁር መነጽር አድርገው ሱቅ ይመጣሉ እንጂ ጨርቁን በእጃቸው እየዳሰሱ ነበር የሚለዩት። አንድ ሰኞ ጠዋት ስልካቸው ጮኸ። ብዙም አልተናገሩም፤ «እሺ፣ እሺ» ብቻ ሲሉ ሰማሁ። ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና ጀምረውት የነበረውን ጨርቅ ለክተው፣ ቆርጠው፣ አጥፈው ለደንበኛው ሰጡት። ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«ታላቅ እህቴ አረፈች» አሉ። «ቀብሩ ዛሬ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቁኛል፤ ከዚያ በላይ አያቆዩአትም።»

አገራቸው ከቡታጅራ ወዲያ ነው። ባለቤታቸው ሟቿን ሊያስታምሙ ቀድመው ሄደዋል። ወንዶች ልጆቻቸው ለንግድ ወጥተው አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ባሕር ማዶ ነበሩ። በዚያ ዓይን ብቻቸውን እንደማይሄዱ ግልጽ ነበር። ሱቄን ቆለፍኩና ጋቢ ደርቤ አብሬያቸው ወጣሁ። አባቴ ቢኖር የሚያደርገው ይህንኑ ነበር፤ ስለዚህ ብዙ አላሰብኩበትም።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሊሆን ነው። አንድ ሚኒባስ ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረኝ ብሎ አሳፈረን። ሐጂን መስኮቱ ጋ አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከእኛ በኋላ ግን ረዳቱ በወንበሮቹ መሀል ትንንሽ ዱካ ደርድሮ አምስት ሰው ጨመረ። አንዷ ሕፃን ያቀፈች ነበረች። ሐጂ ባያዩም የሰውን እስትንፋስና የሕፃኗን ድምፅ ሰሙ።

«ስንት ሰው ጫንክ?» አሉት ሾፌሩን።

«አባባ፣ ለቅሶ ነው አይደል የሚሄዱት? ቶሎ እናድርስዎ።»

«ትርፍ ከጫንክ እኔ እወርዳለሁ።»

«ኧረ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሄደው፤ ትራፊኮቹም ያውቃሉ።»

ሐጂ ክርኔን ነካ አደረጉኝና ተነሡ። ተሳፋሪው አጉረመረመ። አንድ ሰውዬ «ካልቸኮሉ ለምን ተሳፈሩ?» አለ። እኔ ራሴ አፍሬ ነበር። ታች ወርደን ቆመን ሳለ እንዲህ አሉኝ፤ «ይህ መኪና ቢገለበጥ ያቺ ሕፃን ያለችው መተላለፊያው ላይ ነው። ለሞተ ሰው ብዬ የቆመ ሰው ላይ አልፈርድም።»

አልተከራከርኳቸውም። ግን ሰዓቴን አየሁ። ትርፍ የማይጭን ትልቅ አውቶቡስ አግኝተን እስኪሞላ ስንጠብቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ። አውቶቡሱም እንደሚታወቀው አዝጋሚ ነው። ዓለም ገናን ስናልፍ ቀብሩ ላይ እንደማንደርስ አውቄያለሁ፤ እሳቸውም ሳያውቁ አልቀሩም። መንገዱን ሙሉ መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር እንጂ ስለ ሰዓት አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኔ ግን በውስጤ ይህ ጥንቃቄ የሚሉት ነገር ልክ አለው ወይ እያልኩ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ በሚሄድበት መንገድ ሄደው ቢሆን ኖሮ የእህታቸውን አፈር ይመልሱ ነበር። ይህን ያነሣሁት ቀጥሎ ላደረግኩት ነገር ምክንያት ነው ብዬ አይደለም። በሐሳቤ ውስጥ የነበረው ግን ይኸው ነው።

ሰባት ሰዓት ገደማ አውቶቡሱ አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ ለምሳ ቆመ። ሾፌሮች ደንበኛ የሆኑበት ቤት አላቸው፤ ተሳፋሪው አይመርጥም። ይህኛው ቤት ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል የተሰቀለበት የክርስቲያን ቤት ነበር። ከመንገዱ ማዶ መስጊድ አለ። ሐጂን እስከ በሩ አደረስኳቸው።

«እኔ ልስገድ። አንቺ የጾም እዘዢልን» አሉኝ።

ተመልሼ ገባሁና አስተናጋጇን «የጾም ሽሮ፣ ለሁለት ሰው» አልኳት።

«ዛሬ እኮ ጾም አይደለም» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ሥጋም ቅቤም የሌለው ይሁን።»

«እሺ» ብላ ሄደች። ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር፤ የአውቶቡሳችን ሰው ሁሉ በአንዴ ነው የሚያዘው። እስካሁን ድረስ ያን ጊዜ አንድ ቃል ብጨምር ኖሮ እላለሁ። ሙስሊም ሰው ነው የሚበላው ብላት ኖሮ ትጠነቀቅ ነበር። አላልኳትም። በመንገድ ዳር ቤት ውስጥ ይህን ጮክ ብሎ መናገር ከበደኝ፤ ሰው ዞር ብሎ እንዲያየን አልፈለግኩም።

ሐጂ ሲመለሱ ሽሮው ደርሶ ነበር፤ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣና አስተናጋጇ እንጀራው ላይ ገለበጠችው። ሐጂ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር። ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ፤ እኔም ጀመርኩ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይበላም የሚሉት ልክ አይደለም። ሐጂ በደንብ በሉ።

ከሳህኑ አብዛኛው ካለቀ በኋላ ጥርሴ ላይ አንድ ነገር ያዘኝ። በምላሴ አወጣሁትና በጣቴ ይዤ አየሁት። የክር ቁራጭ የሚያህል ቡናማ ነገር ነው። ሳህኑን በትክክል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሽሮው ውስጥ እንደዚያው ያሉ ሌሎችም ነበሩ፤ ደቃቅ፣ በበርበሬው የተሸፈኑ። ዓይኑ የሚያይ ሰው ልብ ካለ ያያቸዋል። ቦዘና ሽሮ ነበር፤ ሥጋ ያለበት።

ሐጂ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እየበሉ ነበር። በእሳቸው በኩል የቀረችው ሽሮ ትንሽ ናት። እጃቸውን መያዝ እችል ነበር። «ሐጂ፣ ይተዉት» ማለት ይበቃ ነበር። አላደረግኩትም። ለራሴ የነገርኩት እርግጠኛ አይደለሁም የሚል ነው። ሽንኩርት ሊሆን ይችላል አልኩ፤ ያረረ ሽሮ ሊሆን ይችላል። ሽንኩርት እንዳልሆነ ጥርሴ ያውቃል። እሳቸው አንድ ጎረሱ፣ ደገሙ፣ እያጠቀሱ እስኪጨርሱ ዝም ብዬ አየኋቸው። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ያን ጊዜ ተነሥቼ ወደ ኩሽናው ሄድኩ። ወጥ ሠሪዋ አስተናጋጇን ጠራቻት፤ ሁለቱ ተነጋገሩና አስተናጋጇ አፏን በእጇ ያዘች። የጾሙ ሽሮ ከኋላችን ለነበሩት ሰዎች ሄዷል፤ የእነሱ ቦዘና ለእኛ መጥቷል። «እናንተ ብትበሉት ምን ችግር አለው፤ ጾም አይደለም» አለች ወጥ ሠሪዋ። ክፋት አልነበረባትም፤ እኔን ብቻ ነው ያየችው።

አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋ። ሐጂ ክንዴን ይዘው ወደ መኪናው ስንሄድ «ኩሽና ምን ልትሠሪ ገባሽ?» አሉኝ።

«ውሃ ልጠይቅ ነው።»

«ጎሽ። ሽሮው ደግሞ መልካም ነበር፤ ሠሪዋ እጇ ይባረክ።»

ቀብር ላይ አልደረስንም። ባጃጅ ይዘን መንደሩ ስንገባ ወንዶቹ ከመቃብር ተመልሰው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሐጂን ወደ መቃብሩ ወሰዷቸው፤ በእጃቸው አፈሩን ዳሰሱት፣ ትንሽ ቆመው ዱዓ አደረጉና ተመለሱ። አርፍዶ ስለመድረስ ማንም አላነሣም፤ እሳቸውም አላነሡም።

እዚያ ሦስት ቀን ቆየሁ። የቤቱ ሰዎች ክርስቲያን እንግዳ እንደመጣባቸው ያወቁት ገና ከባጃጁ ስወርድ ነው፤ አንገቴ ላይ ማተብ አለ። ወዲያው አንዱን ሰው ላኩ። ብዙም ሳይቆይ ከጉብታው ማዶ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ክርስቲያን ድስታቸውን፣ ሰታቴያቸውንና ቢላዋቸውን በቅርጫት ተሸክመው መጡ። ሰዎቹ እትዬ ነው የሚሏቸው፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። በዚያ ቤት ለቅሶም ሆነ ሰርግ ሲኖር ለክርስቲያን እንግዳ የሚያበስሉት እሳቸው ናቸው። የሟቿ ልጆች አንድ በግ ከነሕይወቱ ሰጧቸው። እትዬ በጉን ወደ ቤታቸው ወስደው በራሳቸው ሰው አሳርደው አበሰሉት። በማግስቱ ከመርካቶ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሌሎች ክርስቲያን ነጋዴዎችም ከዚያው በሉ።

ሐዘን ላይ ያለ ቤት ነው። ሰው ሞቶበታል፣ መቶ እንግዳ ተቀምጦበታል። ሐጂ ግን ዓይናቸው ሳያይ ድንኳኑ ውስጥ ሆነው የማን ድምፅ እንደሆነ ሳይለዩ ያለፈውን ሰው ሁሉ «ለዚያች ልጄ የሚበላ ተሠራላት? በእነሱ ዕቃ ነው?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ይህን በጆሮዬ ሦስት ጊዜ ሰምቻለሁ።

የማድረው እትዬ ቤት ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት እሳቸው ጎመን ሲከትፉ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነገሩን በሌላ ሰው አስመስዬ አነሣሁባቸው።

«እትዬ፣ አንድ ሰው ሳያውቅ የሌላውን ሥጋ ቢበላ ምን ይባላል?»

«ሳያውቅ ከሆነ ምን ይባላል። እግዜር ልብ ነው የሚያየው።»

«ሌላ ሰው አውቆ ሳይነግረው ቢቀርስ?»

ቢላዋቸውን አቆሙ። ግን ወደ እኔ አላዩም።

«እኔ ወጣት ሆኜ» አሉ፣ «እዚህ ቤት ሰርግ ነበር። የእነሱ ወጭት ከእኔ ጋር ተቀላቀለ፤ አንዷ የሙሽራ አጃቢ ከእኔ ወጭት ጨለፈች። አፏ ሳይደርስ ጮህኩ። ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ያች ልጅም አፈረች። ሟቿ ያን ጊዜ የቤቱ ትልቅ ልጅ ነበረች። መጣችና አቀፈችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ሌላ ሰው የማይጠሩት።»

ጎመናቸውን መክተፍ ቀጠሉ። ገብቷቸው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ የሐጂ ባለቤትም አብረውን ነበሩ፤ በመንገድ ላይ የምነግርበት ጊዜ አልነበረም። ይህ እውነት ነው፤ ግን ጊዜ ቢኖርም አልነግራቸውም ነበር። ራሴን የማሳምንበት ነገር ሞልቶኝ ነበር። ሰውዬው ሐዘን ላይ ናቸው። ያላወቁት ነገር አይጎዳቸውም። ብነግራቸው የሚቀለው ለእኔ ነው፣ የሚከብደው ለእሳቸው። እነዚህ ሁሉ መጥፎ ምክንያቶች አይደሉም። ሌላ ሰው ቢያማክረኝ ኖሮ እነዚህኑ ሳልነግረው አልቀርም።

ያልተቻለኝ ምሳው ነው። ወደ ሥራ በተመለስን በመጀመሪያው ቀን ሐጂ በርጩማቸውን ስበው ተቀመጡ። ዓይናቸው እየተሻለው ነበር፤ መነጽሩንም አውልቀዋል። ሳህኑን ከፈትኩ። ምን እንደሆነ ሳያዩ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ስለ አንድ ደንበኛ እያወሩኝ እጃቸውን ሰደዱ። ሰው እጁን የራሱ ኪስ ውስጥ ሲከት እንደማያየው ማለት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ እኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛውም። ምግቡ በዚያችው በእናቴ ድስት የተሠራ ንጹሕ ምግብ ነው፣ ምንም የለበትም። እኔ ግን መዋጥ አቃተኝ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ሐሙስ ሐጂ እጃቸውን ታጥበው ሊጀምሩ ሲሉ «ሐጂ፣ ቆይ» አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ።

«ለቅሶ ስንሄድ መንገድ ላይ የበላነው ሽሮ ሥጋ ነበረበት። የጾም ነበር ያዘዝኩት፤ ተሳስተው የሌላ ሰው አመጡልን።»

ፎጣውን አንሥተው የታጠቡትን እጃቸውን እንደገና ጠረጉ።

«የክርስቲያን ሥጋ?»

«አዎ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ከበላን በኋላ ኩሽና ገብቼ ነው ብል ግማሽ እውነት ነው።

«እርስዎ ሳይጨርሱ» አልኳቸው።

«ሳልጨርስ» ብለው ደገሙት። «ስንት ጉርሻ ቀርቶኝ ነበር?»

«አራት፣ አምስት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልክ ደንበኛ የጠየቀው ጨርቅ ስንት ሜትር እንደቀረ ሲያስታውሱ እንደሚያደርጉት።

«ከዚያ በፊት የበላሁት የማንም አይደለም» አሉ። «የእኔም አይደለም፤ የአንቺም አይደለም፤ የዚያች አስተናጋጅም አይደለም። ስህተት ነው። አራት አምስቱ ግን የአንቺ ናቸው።»

«አዎ።»

«ውሃ ልጠይቅ ነው ያልሽኝም የአንቺ ነው።»

ይህን ያስታውሳሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ተቆጥተው አልተናገሩም፤ «እሺ» አሉ። በርጩማቸውን ወደ ቦታው መልሰው ወደ ሱቃቸው ሄዱ። ሳህኑ ሳይነካ ቀረ።

ከሦስት ቀን በኋላ መስጊድ ሄደው ሼኩን እንደጠየቁ ነገሩኝ። ሳያውቅ የበላ አይጠየቅበትም ብለዋቸዋል። «የተማሩት ልጆች ደግሞ የክርስቲያንማ ይፈቀዳል ይላሉ» አሉ። «ልክ ይሆናሉ። እኔ ግን ሰባ ዓመት ሙሉ አፌ ገብቶ አያውቅም ነበር። እናቴ ይህን ጠብቅ ብላኝ ነው የሞተችው።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ዕቃ የጠፋበት ሰው ምን እንደጠፋበት እንደሚናገር ዓይነት ነው።

ከዚያ ምሳቸውን ከቤታቸው ማምጣት ጀመሩ። እኔ ጋ መምጣቱን አልተዉም፤ በርጩማቸውን ስበው ይቀመጣሉ፣ የየራሳችንን ሳህን ከፍተን እንበላለን። የገበያውን ወሬ እናወራለን። የተለወጠውን ከውጭ ለሚያየን ሰው መለየት ይቸግራል፤ ሳህኑ ሁለት ሆነ፣ በቃ። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከምሳዬ አቀረብኩላቸውና «ጠግቤያለሁ» አሉኝ። ከዚያ ማቅረቤን ተውኩ። እኔም የእሳቸውን አልነካሁም፤ አላቀረቡልኝም።

ያኔ ምን ተሰማሽ ብባል የምመልሰው ግልጽ ነገር የለኝም። እፎይታ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም። የመጣው ነገር እንግዳ የሆነ ጥንቃቄ ነው። መንገድ ስወጣ፣ የማላውቀው ቤት ስገባ፣ አስተናጋጇን ሁለቴ እጠይቃታለሁ። አብሮኝ የሚበላው ሰው ማን እንደሆነ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። አንዳንዱ ሰው ይስቅብኛል። ትርፍ የሚጭን ታክሲ ላይም መቀመጥ አቃተኝ፤ ይህ ከየት እንደመጣብኝ አውቃለሁ። ዝናብ ውስጥ ቆሜ ቀጣዩን የጠበቅኩበት ቀን አለ፤ ደግሞም ወርጄ፣ ተጸጽቼ፣ ሥራዬ ላይ ያረፈድኩበት ቀን አለ። ሁልጊዜ ደስ አይለኝም።

አምስት ወር ያህል እንዲህ ሄደ። አንድ ረቡዕ ሐጂ ሳህናቸውን ሳይዙ መጡ። ረስተው መሰለኝና ልጠይቃቸው ስል ተቀመጡ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«በእናንተ ቤት ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የሚባል ነገር ኩሽና አይገባም አይደል?»

«አይገባም።»

«ቅቤም?»

«ቅቤም።»

«እንግዲያው ረቡዕና ዓርብ ከአንቺ ጋር እበላለሁ። በሌላው ቀን የየራሳችንን እንበላለን።» ይህን እንደ ንግድ ውል ነው የተናገሩት። «አንቺን መጠራጠሬ አይደለም። ግን ልቤን ላሳርፈው ብዬ ነው። ልብ እንደ ዓይን አይደለም፤ ቶሎ አይድንም።»

ሳህኑን አስጠጋሁላቸው። ምስር ነበር። መጀመሪያ አዩት፤ ከዚያ በሉ። እኔ ቀድሞ ሳያዩ ይበሉ እንደነበር አስቤ ትንሽ ከፋኝ። በኋላ ሳስበው ግን ሰው የሚበላውን ማየቱ ምን ያስከፋል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ከቤት ስወጣ ድስቷን ደጋግሜ አያታለሁ፤ እናቴ እንደዚያ የምታደርግ አይመስለኝም።

ዘንድሮ የእኛ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙ። እኔ ቤት ሁለት ወር ያህል ሥጋም ቅቤም ስለማይገባ በውላችን መሠረት በየቀኑ አብረን መብላት እንችል ነበር። ግን እሳቸው ቀኑን ሙሉ ጾመኛ ናቸው። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስፈታ ከካርቶኖቹ ኋላ ሄጄ ጀርባዬን ሰጥቼ እበላ ነበር። አንድ ቀን አዩኝና «ምን ያስደብቅሻል? ብዪ እንጂ፤ የሚጾመው አፌ ነው፣ ዓይኔ አይደለም» አሉኝ። እኔ ግን ከካርቶኖቹ ኋላ መብላቴን ቀጠልኩ።

የእሳቸው ጾም ቀድሞ ተፈታ፤ ለእኛ ገና ሦስት ሳምንት ገደማ ይቀረን ነበር። ከኢድ ማግስት ሐጂ በርጩማቸውን ይዘው መጡ። ያን ሦስት ሳምንት ሰኞ ሳይል ሐሙስ ሳይል በየቀኑ ከአንድ ሳህን በላን። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም እሳቸውም ምሳቸውን አቆይተው ይጠብቁኝ ነበር፤ ርቧቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው አይመልሱም። ፋሲካ ሲያልፍ፣ ሰኞ ሱቅ ስንከፍት የየራሳችንን ሳህን ይዘን መጣን።